ሐረግና ሦስት ነጥብ

የመርሳ ሰው ሆኖ እታገኝ ፈንታውን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ይዋሻል። ከሀብሩ ወረዳ ሴቶች የግማሾቹን አንገት የነቀሰችው እሷ ናት። ሦስት መርፌ በጥቁር ክር ጥፍር አድርጋ ታስራለች፤ የኩራዝ ጥቀርሻ በቅጠል ውሃ ትለውሳለች፤ ከዚያ ልጅቱን ጭኗ ላይ ታስተኛትና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ልጅቱ ትጮሃለች። እናቷ ጭንቅላቷን ይዛ «ቻይው» ትላለች። እታገኝ ደግሞ ቀና እንኳን ሳትል «ዝም በይ አንቺ! ሙሽራው ሲያይሽ እኔን ነው የምትመርቂው» ትላለች። ከጎረቤት ከተማ ከግራና ሠርጓ የደረሰ ልጅ ሁሉ በገበያ ቀን እየመጣች እዚያ ግቢ ውስጥ አልቅሳለች።

እጇ ይታወቃል። ሌላው ነቃሽ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር እሷ ሐረግ ታስኬዳለች፤ ሐረጉ ሲያልቅ ከሥሩ ሦስት ነጥብ ታሳርፋለች። ለምን ሦስት ሲሏት «ፊርማዬ ነዋ! ብዕር ያስያዘኝ የለ፣ በመርፌ እፈርማለሁ» ብላ ትስቃለች። ወንድ ልጅም ቢሆን፣ ከላዩ ብዙ ወንድም እህት ሞቶበት የተረፈ ከሆነ፣ እናቱ ክንዱ ላይ ትንሽ መስቀል ታስነቅሰው ነበር፤ እዚያም ላይ ሦስቱ ነጥብ አለ። የክርስቲያኑን ልጅ ማለቴ ነው። ሙስሊሞቹ ሐራም ነው ብለው ልጃቸውን አያስነቅሱም፤ እሷም ኑ ብላ አታውቅም።

ከዚያ ዘመን ዞረና ሥራው ሞተ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ንቅሳት ፋራ ነው ተባለ፤ አንገታቸውን በሻርፕ የሚሸፍኑ መጡ፤ አንዳንዷ ደሴ ድረስ ሄዳ አስነቀለችው። እታገኝ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን ተኮሳትራ ሰነበተች። «ቆዳዋ ላይ የጠላት እጅ ያረፈ ይመስል!» አለች። ግን ምን ታደርግ? መደብ ይዛ መንገድ ዳር ጉሊት ተቀመጠች፤ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ወቅቱ ሲደርስ ማንጎ።

መርፌዎቿን ለይቶላት ያስቀመጠቻቸው ግን ያኔ ነው፣ ጦርነቱ በመርሳ ባለፈበት ዓመት። አንዲት የግራና ሴት ጉሊቷ ድረስ መጥታ፣ ሳትናገር ሳትጋገር፣ እጇን ይዛ ሳመችው። ወንድሟ ከሞቱት መሀል ነበር። ፊቱ አልታወቃትም፤ ከክንዱ ላይ መስቀሉንና ሦስቱን ነጥብ አይታ ነው ያወቀችው። «እጅሽ ይባረክ፤ ቀብሬዋለሁ» አለቻት። እታገኝ የዚያን ዕለት ሽንኩርቱን ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ገባች። መርፌዎቹን በቆርቆሮ ዘግታ ከሳጥኑ ሥር ወረወረቻቸው፤ ምርቃቱ እርግማን ሆኖ ተሰማት።

ሀብቷ አንድ ልጅ ነው፤ ቢኒያም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ልጁ በደረቱ መሄድ ሳይጀምር ነው እሱ የሞተው። ቢኒያም አድጎ ሃያ ዓመት ሞላውና ከመርሳ ግራና ባጃጅ ይነዳል። ቀልደኛ ነው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይወደዋል። እናቱን «አለቃ» እያለ ነው የሚጠራት።

ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ደግሞ ዙልፋ ናት። ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ነው የወለዱት። እታገኝ አራስ ቤት ሳለች ታይፎይድ ይዟት ወልድያ ሆስፒታል ሃያ ቀን ስትተኛ ቢኒያምን ያጠባችው ዙልፋ ናት፤ በአንዱ ጡት የራሷን ኡበይደላን፣ በሌላው ቢኒያምን። «እንግዲህ በእኛ ሃይማኖት ወንድማማች ናቸው፤ ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለልጅሽ አልድራትም ነበር» ትላለች ዙልፋ። እናም ልጆቹ እንደዚያው አደጉ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው እያለቀሰ። ኡበይደላ ዝምተኛ ነው፤ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማሳው ላይ በቀን ሥራ ማሽላ ያርማል፣ ወፍ ይጠብቃል፣ ማታ በቢኒያም ባጃጅ ይመለሳል።

ማስታወቂያው የተለጠፈው በየካቲት ነው። ለሠራዊት ምልመላ ይላል። ዕድሜው ከዚህ እስከዚህ፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ጤናው የተሟላ፣ በሰውነቱ ላይ ንቅሳት የሌለበት። በፈቃደኝነት ይላል ደግሞ። ይበል እንጂ! ለየቀበሌው ኮታ እንደመጣ ያልሰማ የለም። ኮታው ካልሞላ ቤት ለቤት ይዞራሉ የሚል ወሬ ከመናኸሪያው ተነሥቶ ከሰዓት ሳይሆን ወንዙን ተሻገረ። እናቶች ልጆቻቸውን ዘመድ ቤት መላክ ጀመሩ። የሚልኩበት ዘመድ የሌላቸው ደግሞ ዝም ብለው ማስታወቂያውን በሰው ያስነብቡ ነበር።

እታገኝም አስነበበች። «ንቅሳት የሌለበት» የምትለዋ ስትደርስ «እስቲ እሷን ድገምልኝ» አለች።

ቆርቆሮውን ከሳጥኑ ሥር አወጣችው። መርፌዎቹን አፍልታ፣ ክሩን ቀይራ፣ ኩራዝ ለኩሳ ጥቀርሻ ሰበሰበች። ቢኒያም ለምሳ ሲገባ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

«ማንን ልትድሪ ነው አለቃ?»

«አንተን። እጅህን አምጣ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። «ሰው ምን ይለኛል? እንደ ሙሽራ ተነቅሼ ባጃጅ ልነዳ?» አለ።

«ሰው ያለውን ይበል! ሰው ነው የወለደህ? እኔ ሁለት የለኝም ቢኒያም። አንተ ብትሄድ እኔ ማን አለኝ?»

እጅጌውን ሰበሰበ። እሷም ነቀሰችው፤ መሀል ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ሐረግ፣ ከሥሩ ሦስት ነጥብ። እጇ አንዴም አልሳተም። ያቺ የግራና ሴት ትዝ አለቻት፤ «ሂጂልኝ» አለችና በልቧ አባረረቻት።

በሦስተኛው ቀን ዙልፋ መጣች። በሩን ዘጋችው። ዙልፋ በር ዘግታ አታውቅም።

«የቢኒያምን ክንድ አየሁት» አለች።

«እና?»

«ለኡበይደላም አድርጊለት።»

እታገኝ ክው አለች። «ዙልፋ፣ አብደሻል? ሐራም ነው የምትዪው አንቺ አይደለሽ? ባልሽ ሲራጅ ቢያይ?»

«ሲራጅ አያይም፤ እጅጌ ረጅም ነው። ለአላህ እኔ እመልሳለሁ። አስተግፊሩላህ፣ ማረኝ እያልኩ ዕድሜዬን እጨርሳለሁ፤ ልጄ ይኑርልኝና!» አለችና ተንሰቀሰቀች። «ወላሂ እታገኝ፣ ሌላ መንገድ ቢኖር አልመጣብሽም ነበር።»

እንግዲህ ጡት ለሰጠች ሴት ምን ተብሎ እንቢ ይባላል? ኡበይደላ ከሲሪንቃ እንደተመለሰ ገባ። መስቀል አይሆንም፤ ሐረግ ብቻ አስኬደችለትና ሦስቱን ነጥብ አሳረፈች። ልጁ ትንፍሽ አላለም። ሲያልቅ «አመሰግናለሁ እትዬ» ብሎ እጅጌውን ቁልፍ በቁልፍ ዘጋ።

ከዚያማ ወሬ ተደብቆ ይቀራል? እናቶቹ እየመጡ እግሯ ላይ ይወድቁ ጀመር። አንዷን ብትመልስ ለሌላዋ ምን ትበል? ዘጠኝ ሌሎች ነቀሰች። ሁሉም ክንዳቸው ላይ፣ ሁሉም ሐረግና ሦስት ነጥብ። ሌላ ዓይነት ብትሠራ ይሻል ነበር፤ ግን እጇ ሌላ ዓይነት አያውቅም።

ሁለት ወር አለፈ። ቅርፊቱ ረገፈ፤ ቆዳው ሞላ። ቢኒያም እጅጌው እስከ ትከሻ የተሰበሰበ ሸሚዝ ለብሶ መንዳት ጀመረ፤ የተነቀሱት ልጆች መንገድ ላይ ሲገናኙ ክንዳቸውን እያሳዩ ይሳሳቁ ነበር። እናቶቹም ጉሊቷ ላይ ሌላውን ሁሉ አልፈው ከእሷ ዘንድ ይገዙ ነበር። እታገኝ እንዲያውም ትንሽ ኮራ አለች፤ አይፈረድባትም።

ከዚያ አዲስ ቃል መጣ። ከድሮ የተነቀሰ ይታለፋል፤ ምልመላው ከወጣ ወዲህ የተነቀሰ ግን አይታለፍም። ቃሉ በመጣ በሁለተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ገዛኸኝ ከቀትር በኋላ ጉሊቷ አጠገብ ተንበርክኮ ቲማቲም የሚመርጥ መሰለ። የእናቱን አንገት ከሠላሳ ዓመት በፊት የነቀሰችው እሷ ናት።

«እትዬ እታገኝ፣ ነገ አዳራሽ ይፈልጉሻል» አላት ዝቅ ብሎ። «ድሮ የተነቀሰውንና አዲሱን የሚለይ ዓይን ያለው ሰው አምጣ ብለውኛል። እዚህ አገር ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«እኔ? እኔው ራሴ…»

«እሱን አልሰማሁም!» አለና ዙሪያውን አየ። «ስሚኝ። ኮታችን አሥር ነው። ንቅሳት የሌለባቸው ስድስት ልጆች አሉ። አራት ይጎድላል። የተነቀሱት አሥራ አንድ ናቸው። አራቱን አዲስ ነው በዪ፣ ሰባቱን አሮጌ። ቢኒያምን ከሰባቱ አድርጊ። ሁሉንም አሮጌ ብትዪ ግን ማንም አያምንሽም፤ ሁላችንም እናልቃለን።»

«አራቱን ማንን ልበል ገዛኸኝ?»

«እኔ እንጃ» አለ። ቲማቲሙን መልሶ አስቀመጠውና ሄደ።

ጉሊቷን ሰብስባ ወደ ቤቷ ተነሣች። ከነቀሰቻቸው ልጆች እናቶች አራቱን በልቧ ፈለገች። የኤፍሬም እናት? ባሏ ሽባ ነው። የታችኛው ሰፈሯ? ባለፈው ጦርነት አንዱን ቀብራለች። እያንዳንዷን አንሥታ አስቀመጠች። ቤቷ ስትደርስ ዙልፋን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ወሬው ደርሷታል።

«እኔ ምንም አልልሽም» አለች ዙልፋ። «ልልሽ አልመጣሁም። አብሬሽ ልቀመጥ ነው የመጣሁ።»

አብረው ተቀመጡ። ይልቅ ብትለምናት ለእታገኝ በቀለላት ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቶች ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ለእታገኝ ወንበር ሰጧት። ፊት ለፊቷ ከላይ የመጣ መኮንን መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ በሆነ በወደደች ነበር። ተነሥቶ ነው የተቀበላት።

«እናቴ፣ አስቸገርንዎ። እርስዎ ያዩታል፣ አሮጌ ወይም አዲስ ይላሉ፤ ሌላ ጣጣ የለብዎትም። እውነቱን ብቻ።»

የመጀመሪያው ኤፍሬም ነበር። ክንዱን ሰጣት። እጁ ቀዝቅዟል። ጣቷን ሐረጉ ላይ አሳረፈችው። አሮጌ ጥቀርሻ ቆይቶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠርዙም ይበተናል፤ ይህ ግን እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ለሌላው ሰው ግን አይለይም።

«አሮጌ» አለች።

ሁለተኛውም አሮጌ። ሦስተኛው አሮጌ። አራተኛው ላይ አዲስ ልትል አፏን ከፈተች፤ ልጁ ሕፃን ሳለ ጉሊቷ ላይ ቲማቲም እየሰረቀ ሲሮጥ ታየቻት፤ አሮጌ ብላ ዘጋችው። አምስተኛ፣ ስድስተኛ። ገዛኸኝ ጥግ ላይ ቆሞ አሥሬ ይስላል። ቀሩ አምስት፤ በገዛኸኝ ቆጠራ አሮጌ የሚባል አንድ ብቻ ቀርቷል። ቢኒያም ከኋላ ሁለተኛ ሆኖ ይታያታል፤ እጅጌውን ሰብስቦ ተዘጋጅቷል።

«ኡበይደላ ሲራጅ» አለ መኮንኑ።

ልጁ ቁልፉን ቀስ ብሎ ፈታ። ክንዱን ሰጣትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እንዳታፍርበት ይመስላል። እዚህ ላይ አዲስ ብትል ኖሮ መኮንኑ እስካሁን ያለችውን ሁሉ ያምናት ነበር፤ ከኋላው ያለው ቢኒያምም በዚያው ያልፍ ነበር። ይህን እታገኝ አላጣችውም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የልጁን ክንድ እንደያዘች፣ ጥርት ብሎ ታያት። አዲስ፣ አንዲት ቃል ናት። ግን በአንድ ጡት ኡበይደላ፣ በሌላው ቢኒያም። ከአጥሩ ውጭ ዙልፋ ቆማለች። ምላሷ አልታዘዝ አላት።

«አሮጌ ነው» አለች። «በልጅነቱ እኔው ነኝ የነቀስኩት።»

መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠ። የልጁን ስም እንደገና አነበበ፤ ክንዱን አየ፤ እሷን አየ።

«እናቴ፣ እኔም የዚሁ አገር፣ የየጁ ልጅ ነኝ» አለ በእርጋታ። «ሲራጅ የሚባል አባት ልጁን በሕፃንነቱ ያስነቅሳል?»

እታገኝ የልጁን ክንድ ለቀቀችው። ያን ሁሉ ስታስብ ስታወርድ ይህችን እንዴት ሳታስብ ቀረች! መርሳ ላይ ሕፃን ልጅ እንኳን ቢጠየቅ ያውቃታል።

«አልቆጣዎትም» አለ መኮንኑ። «እኔም እናት አለችኝ። ግን ከዚህ በኋላ የትኛውን ልመን?» መዝገቡን ከደነው። «የንቅሳቱ ነገር ይቅር። የተነቀሱት ሁሉ ይመዝገቡ፤ ለመሸሽ የተነቀሱ ናቸውና ካልተነቀሱት ይቅደሙ።»

ቢኒያም ተራው ሳይደርስ ቀረ። እጅጌውን ወደ ታች መለሰው።

እታገኝ መሬት ላይ ወደቀች። «እኔን ውሰዱኝ! እኔ ነኝ የነቀስኳቸው፣ እነሱ ምን አጠፉ? እኔን እሰሩኝ!» ብላ ጮኸች። መኮንኑ ራሱ ደግፎ አነሣት። ውሃ ሰጧት። «ወደ ቤትዎ ይግቡ እናቴ» አላት። ያሰራት የለም፣ የሰደባት የለም፤ ማንም ምንም አላደረጋት። ይህ ነው የገደላት።

ከአሥራ አንዱ አንዱን ሐኪሙ በዓይን ሕመም መለሰው። አሥሩ ሄዱ። ኮታው ሞላ። ንቅሳት የሌለባቸው ስድስቱ ልጆች ደግሞ፣ ማንም ሳይፈልጋቸው፣ በዚያው ዕለት ለምሳ ቤታቸው ገቡ። እንግዲህ ምን ይባላል? መርፌውን ባታነሣው ኖሮ ከአሥራ ሰባት አሥር ነበር የሚሄደው፤ ቢኒያም ሊቀርም ይችል ነበር። ሊሄድም ይችል ነበር። ይህን እያሰበች ታነጋለች።

ጉሊቷ ላይ አሁን የሚቆም ጥቂት ነው። የሄዱት ልጆች እናቶች ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። አንዷ ብቻ አጠገቧ መጥታ «እጅሽ ይቆረጥ» አለቻት። እታገኝም «አሜን» አለች፤ ከልቧ ነው።

ዙልፋ ግን አልቀረችም። ሲራጅ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ አንድ ሳምንት አኮረፈ፤ ከዚያ እሱም ተወው፤ በማን ላይ ይቆጣል? ዙልፋ በየቀኑ ከሰዓት መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ብቻ «ምነው አዲስ ነው ባልሽ? ቢኒያም ይተርፍ ነበር። እሱም ልጄ ነው» አለቻት። እታገኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «አብሽሪ» አለች ዙልፋ፤ ራሷ እያለቀሰች።

በአምስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ቢኒያም ነው፤ ከሰው በተዋሰው ስልክ። ድምፁን ለሁለቱም ከፈቱት።

«አለቃ! ደኅና ነን። ኡበይደላም አጠገቤ ነው። ሥልጠናው ይከብዳል እንጂ ምግቡ አይከፋም።»

«ስለ ንቅሳቱ ምን አሏችሁ?» አለች እታገኝ።

«እዚህ ማን ይጠይቃል!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የድሮው አልነበረም። «ግማሹ ሰው ተነቅሷል። እኔንና ኡበይደላን ሐረጉን እያዩ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ ወይ ይሉናል። አዎ እንላቸዋለን።»

«ልጄ፣ የት ነው የምትሄዱት?» አለች ዙልፋ።

«አልነገሩንም እትዬ ዙልፋ። ሰልፍ ተጠራ፣ ልዝጋው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱ ሴቶች ስልኩን መሀላቸው አስቀመጡት። መንገዱ ላይ ባጃጆች ወደ ግራና ይጮሃሉ። ዙልፋ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየችና ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ያ ነገር… ይጠፋል?»

«አይጠፋም» አለች እታገኝ። «ቆዳው እስካለ አለ።»

«ያቺ የግራናዋ ሴት፣ ወንድሟን በእጅሽ ነበር ያወቀችው አይደል?»

እታገኝ አንገቷን ደፋች።

«የኔ ልጅ መስቀል የለበትም» አለች ዙልፋ። ክንዷን ዘርግታ፣ ልጇ የተነቀሰበትን ቦታ በጣቷ ነካች። «እንዳልሳሳት ንገሪኝ። ሐረግ ነው፣ ከሥሩ ሦስት ነጥብ?»

«ሦስት ነው» አለች እታገኝ።